በሆስፒታሉ በር የታሰሩ በጎች

ሰሞኑን በአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ አንድ ጎሚስታ ካላማዳሪ በእሳት ይለጥፍ ነበር። የጋለው ጎማ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ጎሚስታው ደንግጦ «እማማ፣ ፀሐዩ ነው፤ እዚህ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ» ብሎ አሮጌ ጎማ አጋደመልኝ። ፀሐይ ምን ያደርገኛል! ዕድሜ ልኬን የአርባ ምንጭ ፀሐይ የጠበሰኝ ሴት ነኝ። ሽታውን ስላወቅሁት ነው እንጂ። እኛ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ በሽተኛ ሲተኛ አፍና አፍንጫው ላይ የሚደፋ ጥቁር የጎማ ጭንብል ነበር። ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይታጠባል፤ በሙቀቱ ወራት ክፍሉ በሙሉ እሱን እሱን ይሸታል። አንዱ ባጃጅ አለፈኝ፣ ሌላውም አለፈኝ። እኔ መቼ እዚያ ነበርኩና! በሐሳቤ ያን ጭንብል ትይዝ ከነበረችው ልጅ፣ ታደለች ዘንድ ሄጄ ነበር።

በላይነሽ እባላለሁ፤ ግን «ሲስተር» ካላሉ ጎረቤቶቼም አያገኙኝም። ተወልጄ ያደግሁት ኦቾሎ ነው፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ ካለው ተራራ ጫፍ ላይ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ግን እዚሁ ከተማ፣ አንዲት ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው። የሆስፒታሏን ስም አልጠራም፤ የሞቱም ያሉም ሰዎች አሉበት። ዘመኑ ሚሊኒየሙ ከመግባቱ በፊት ይሁን ከገባ በኋላ እንጃ፣ ቁጥር ላይ ሰነፍ ነኝ። የማስታውሰው ባጃጅ ገና ብርቅ የነበረች ጊዜ መሆኑን ነው። ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሳንቲም ይወረድ ነበር። ሙዝ በእቅፋችሁ ሙሉ ገዝታችሁ ከብር ላይ መልስ ትቀበላላችሁ። ማንጎማ ማን ይገዛል፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ከዛፍ ሥር ይለቀማል እንጂ! ሞባይል ያለው ሰው በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቤተ ክርስቲያን ይገባ ነበር፣ ሰባኪውም ቢሆን። ወንዶቹ እግሩ እንደ ጃንጥላ የሰፋ ጂንስ፣ ሴቶቹ ጫፏ የሾለ ጫማ። እሷን ጫማ አድርጎ የሴቻን ዳገት መውጣት ምን ያህል ጽድቅ እንደሆነ የወጣሁት እኔ አውቃለሁ። ከሆስፒታሉ ማዶ ካሴት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ የጋሞ ጭፈራ ከፍ አድርጎ ሲለቀው እኛ ውስጥ ጓንት እያጠለቅን ትከሻችን ይነቃነቃል፣ ዶክተሩም «ሲስተር፣ ሰውዬው ሆዱ ተከፍቷል!» ብሎ ይቆጣናል። ደጉ ነገር ይህን ያህል ነው። ሌላው መራራ ነው፤ ጣፋጭ ልታገኙበት የመጣችሁ እዚሁ ላይ ተሰናበቱኝ።

ታደለች የመጣችው ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ሆና ነው። ቀጠን ያለች፣ ጥርሷ ትንሽ ፍንጭት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። ከእሷ በፊት የነበሩት አቶ ኃይሉ የሚባሉ የሐረር ሰው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስተኙ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ሥራውን ለእሷ ለማስረከብ ቸኩለዋል። አንድ ሕግ ነበራቸው፣ እሱን ሳያስተምሩ ሌላ ነገር አላስተማሯትም። «ልጄ፣ ሰው በማያውቀው ሰው ፊት እንቅልፍ አይወስደውም። አንቺ ደግሞ ከእንቅልፍም በላይ ነው የምትወስጂው። ስምሽን፣ የአባትሽን ስም፣ አገርሽን ሳትነግሪ አንድም በሽተኛ እንዳታስተኚ» ይሏታል። እሳቸው እንዲያ ሲያደርጉ አይተናል። «ኃይሉ እባላለሁ፣ የሐረር ልጅ ነኝ» ሲሉ በሽተኛው ፈገግ ይላል፣ ስለ ሐረር ይጠይቃል፣ ልቡ ረጋ ሲል ይተኛል። ሽማግሌው በእኛ ደጋ ላይ የመንደር ስም ምን ማለት እንደሆነ ከየት ያውቁታል?

ታደለችም ተቀበለች። በመጀመሪያው ቀን አንዲት የታመመች ሴት ራስጌ ቆማ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ታደለች ቶማ እባላለሁ። አገሬ እዚሁ ደጋው ላይ ነው» ብላ የመንደሯን ስም ጠራች። «ተኝተው እስኪነቁ ድረስ ትንፋሽዎን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አሁን አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለች። ሴትየዋ አፏን እንደ መክፈት ከንፈሯን ነከሰች። ወለል የምታጸዳው ሴት መጥረጊያዋን ይዛ ቀጥ አለች። እኔም ክር እየቆጠርኩ ነበርና እጄ ቆመ። ያ መንደር የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው፤ ሌላ ሰው አይኖርበትም።

ለማያውቅ ልንገረው። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራና ቆዳ የሚፍቅ ሰው ከሌላው ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም፣ አይጋባም፣ ቤት ቢገባ ከበሩ አጠገብ እንጂ ወደ ምሰሶው አያልፍም። ሸክላ ሠሪውን ማና ይሉታል። ማና የነካው ምግብ፣ ማና የነካው አፍ ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት የተከለከለውን በደፈረ ሰው ቤት ላይ የሚወርድ መዓት ነው፤ እህሉ ይደርቃል፣ ላሟ ትጨነግፋለች፣ ልጁ ይታመማል። እኔም በዚህ ነው ያደግሁት። የታደለችን እናት ማሰሮ ከገበያ ገዝተን ጎመን እንቀቅልበታለን፣ ቦርዴ እንጠጣበታለን፤ እጇን ግን እንፈራለን። ወይ ጉድ! ማሰሮው በምን ተሠራ፣ በእግር?

ሻይ ቤታችን ውስጥ ሰባራ ሰንጣራ ብርጭቆዎች ነበሩ፤ የማንም የማንም አይደሉም፣ ያገኘ ይጠጣል። በዚያው ሳምንት አንደኛው ብርጭቆ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበት አገኘሁ፣ ያው ቁስል የምንለጥፍበት። ሻይ የምትቀዳው ሴት ለታደለች በእሱ ብቻ ትሰጣታለች። ታደለች አየችው፣ ጠጣች፣ አጥባ መለሰችው። ደሜ ፈላ። በማግስቱ ከሁሉም ሰው ቀድሜ ገብቼ በብርጭቆዎቹ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ፕላስተር ለጠፍኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መጡ፣ አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። «ጠጡ እንጂ፣ ምነው? ሻዩ ይቀዘቅዛል» አልኳቸው። ታደለች ያን ቀን አፏን ሳትሸፍን ነው የሳቀችው። እኔም ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በነጋታው ምን ሆነ መሰላችሁ? ሁሉም ከየቤቱ የራሱን ኩባያ በላስቲክ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ብርጭቆ ጠጥቶ አያውቅም፣ ከእኔና ከእሷ በቀር። ዶክተሩ እንኳን የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ሳለ ኩባያ አመጣ፤ ጠላት አፍርቶ መሥራት አልፈለገም ይሆናል።

በሽተኞቹማ ባሰባቸው። አንዳንዱ ስሟን ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ይከፍታል፣ ሕመም የማያስደርገው ምን አለ! አንዳንዱ «ያ ሽማግሌ የለም ወይ?» ይላል። አቶ ኃይሉም ቆዩና ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ፣ ወደ ልጆቻቸው ሄዱ፣ በሆስፒታሉ ሰው የምታስተኛ እሷ ብቻ ቀረች። ያን ጊዜ ነው ለብቻዋ ጠርቼ የለመንኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ስምሽን ብቻ ንገሪያቸው። ታደለች በቂ አይደለም? መንደርሽን ምን አስጠራሽ?»

«ሲስተር፣ አቶ ኃይሉ ሐረርን ሲጠሩ ለምን አልከለከሏቸውም?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው?»

«ብደብቀው በሽተኛውን ነገ ጎረቤቱ ይነግረዋል» አለችኝ ቀጥላ። «ያኔ 'ማና በተንኮል ነካችኝ' ይላል። እኔ ሰርቄ አልነካም። አውቆ ይፍቀድልኝ፣ ካልሆነም አውቆ ይከልክለኝ።» የዚያች ልጅ ምኞት ይኸው ነበር፤ ተወልዳ ባደገችበት አገር፣ በገዛ ስሟ፣ የተማረችውን ሥራ መሥራት። ውጭ አገር ልሂድ አላለች፣ ዶክተር ልሁን አላለች። አሁን በየሆቴሉ ስለ አካታችነት ሥልጠና ይሰጣል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ምሳ ይበላል፤ ባለፈው እኔንም ጠርተውኝ «እማማ፣ ለተገለሉ ወገኖች አጋር መሆን ማለት ምንድን ነው?» አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ብዙ አላወራሁም፣ የትራንስፖርቱን ተቀብዬ መጣሁ።

አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜን፣ ጋሽ ሻንቆን፣ በቃሬዛ ከኦቾሎ አወረዱት። ቡአው ታንቆበት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ ያስመልሰዋል። እሱ ለእኔ እንደ አባት ነው፤ ሸማውን ሸጦ ነው ያስተማረኝ። በመንደራችን ደግሞ የተከበረ ሽማግሌ ነው፤ ልጅ ሲዳር፣ ዘር ሲዘራ፣ ሰው ሲታረቅ የሚመርቅ እሱ ነው። ዶክተሩ አየውና «አሁኑኑ መከፈት አለበት፣ በጀርባ መርፌ አይሆንም፣ በጉሮሮው ቱቦ ይገባል» አለ። ታደለች ራስጌው ቆመች። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በዓይኔ ለመንኳት፤ ዛሬን ብቻ ስምሽን ዋጪው አልኳት። አየችኝ፣ ፈገግ አለችልኝ፣ ከዚያ ወደ እሱ ጎንበስ ብላ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ መንደሯን ነገረችው። ጋሼ አፉን ገጠመ።

«ጋሼ፣ እንድትሞት ነው? እኔ እህትህ አለሁ፣ ልጅቷን አውቃታለሁ፣ ከእሷ የተሻለ እጅ በዚህ አገር የለም» አልኩት።

«በላይነሽ፣ ልጅቷን መች ጠላኋት» አለኝ እያቃሰተ። «ግን እጇ አፌ ውስጥ ከገባ፣ በዚያ አፍ ማንን እመርቃለሁ? ልጆቼ ምርቃቴን አይፈሩትም?»

ጨካኝ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ እሰድበው ነበር። የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል። ከውጭ ይዘውት የመጡት ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩና አንደኛው ተልኮ ገባ። «መላ አግኝተናል። ትንካው። ሲሻለው በግ ይታረድና እናነጻዋለን፣ አፉም ይጠራል» አለ። ልጅቷ እዚያው ቆማ እየሰማች! እንደ ዕቃ! «እሷ ፊት እንዲህ ይባላል?» ብዬ ጮህኩ። ታደለች ክንዴን ያዘችኝ። «ሲስተር፣ ያምጡት በጉን። ሰውዬው እየሄደብን ነው፤ ለበጉ ኋላ እናለቅሳለን» አለች። ጋሼ አፉን ከፈተ። ቱቦውን በአንድ ጊዜ አስገባችው፤ እኔም ክሬን ወደ መቁጠሬ ተመለስኩ።

ዳነ። ከሆስፒታል የወጣ ዕለት በሩ አጠገብ፣ አጥሩ ሥር፣ በጉን አረዱ። ፈርሱን ግንባሩ ላይ፣ ጉንጩ ላይ፣ ከንፈሩ ዙሪያ ቀቡት፣ ከዚያ በውኃ አጠቡት፣ ሽማግሌዎቹ መረቁት። ታደለች የሚወስደውን መድኃኒት ለማስረዳት ወጥታ ነበር፤ ክኒኑን በእጇ ይዛ ቆማ አየች፣ ያን ሁሉ ሰዓት ትንፋሹን የጠበቀችለትን አፍ እየጠራረጉ ሲያነጹት። ከሽማግሌዎቹ አንዱም ወደ እኔ ዞሮ «አንቺም ነይ፣ አብረሻት ትጠጫለሽ አሉ፤ ወንድምሽ ቤትሽ ሊያርፍ ነው፣ አብራችሁ ንጹ» አለኝ። «እኔ ላይ ምን ቆሻሻ አየህ?» አልኩት። ጋሼ ቤቴ አላረፈም። ከዚያ ቀን እስኪሞት ድረስ ከእጄ ውኃ አልጠጣም። ለቅሶው ላይ እንኳን ከሴቶቹ ለብቻዬ ተቀምጬ አለቀስኩለት። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ወንድሜን በሕይወት አትርፋልኝ፣ እኔ ግን ወንድም አጣሁ።

ያ በግ አንድ በግ ሆኖ በቀረ ምን ነበረበት! እኛ አገር ሽማግሌ አንዴ ያደረገው ነገር ሥርዓት ነው። «ጋሽ ሻንቆ በበግ ነጽቷል» የሚለው ወሬ ደጋውን አዳረሰ። የሚመጣው በሽተኛ ሁሉ በግ እየጎተተ መምጣት ጀመረ። ሰው ደስ አለው እኮ! መፍትሔ ተገኘ፣ ማናዋም ትሥራ፣ ቤቱም ከመዓት ይዳን። ዘበኛችን ጴንጤ ነው፣ «ጎሜ ድሮ ቀርቷል፣ በኢየሱስ ደም ተሽሯል» እያለ በጎቹን ሲያባርር ይውላል። «እንግዲያው ልጅህን ለታደለች ትድርላታለህ?» ስለው «ሲስተር ደግሞ ነገር ትወጃለሽ» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ዳይሬክተራችን ግን የሠለጠነ ሰው ነው፤ አልተቆጣም። በስብሰባ ላይ «የማኅበረሰቡን ባህል ማክበር አለብን፣ ብዝኃነት ማለት ይኸው ነው፤ ሰው እስከታከመ ድረስ እኛን ምን ገደደን?» አለና ከአጥሩ ሥር ቦታ አስከለለ፣ ደሙ እንዳይሸት የውኃ ቧንቧ አስገባ። «ዳይሬክተር፣ በእርስዎ እጅ ለታከመ ሰው ስንት በግ ይታረዳል?» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ታደለች ከኋላ ተቀምጣ ጥፍሯን ታይ ነበር።

ከዚያማ የበግ ነጋዴዎች ከገበያ ለቀው በራችን ላይ ሰፈሩ። ከካሴት ቤቱ ዘፈን ጋር የበግ ጩኸት ተደባልቆ የሚሰማበት ሆስፒታል ዓለም ላይ እኛው ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ዋጋውንም ሰቀሉት፤ የተጨነቀ ሰው አይከራከርማ። በግ የሌለውስ? አንድ ከዶርዜ የመጣ ሸማኔ ወጣት ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ደርሶ አባቱ ኪሱን ገልብጦ አሳየን፤ ባዶ ነው። «ታዲያ ያለ በግ ይታከም» አልነው። «ያለ በግ ወስጄ መንደሩ ቢያገለውስ? ቤቴ ልጄን ይዞ ይጥፋ?» አለና በጭነት መኪና ወደ ሶዶ ሆስፒታል ይዞት ሄደ። ሙዝ በጫነ መኪና ላይ፣ ከሙዙ በላይ አስተኝቶ። ሶዶ አልደረሰም። ወሬውን ሹፌሩ ሲነግረን ታደለች ወጥታ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ጀርባ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ሲስተር፣ እኔ ባልኖር ይህ ልጅ አይሞትም ነበር?» አለችኝ። «አንቺ ባትኖሪ ስንቱ ይሞት ነበር!» አልኳት። «የጠየቅሁዎት እሱን አይደለም» አለች።

የመጨረሻው ነገር የሆነው ዝናብ ሊጀምር ሲል ነው። አንዲት ወጣት ሴት፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ምጥ ጠንቶባት ከደጋ አወረዷት። ልጁ ተጋድሟል። ባሏ ለግላጋ ልጅ ነው፣ ከጉልበቱ በታች ጭቃ፣ ትከሻው በቃሬዛው እንጨት ተልጧል። ዶክተሩ «ካልተቀደደች ሁለቱም የሉም» አለ። ታደለች እንደ ልማዷ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ መንደሯን ነገረቻት። ሴትየዋ ዓይኗን እንኳን ሳትገልጥ «ትንካኝ፣ እናቴ፣ ትንካኝ» አለች። ባልየው ግን የፈቃድ ወረቀቱ ላይ የሚያትመውን አውራ ጣቱን አልሰጥም አለ። አባቱ ልኮታል፣ ሕጉን ነግሮታል። «በግ የለኝም» ይላል፣ ደግሞ «በግ የለኝም» ይላል፣ እንባው ይወርዳል። ለመነን፣ ለመንነው። ወደ ሶዶ መኪና ሊፈልግ ተነሣ። የዚያ ሸማኔ ልጅ ነገር በሁላችንም ፊት መጣ።

ታደለች ጓንቷን አወለቀች። አረንጓዴ ልብሷን እንደለበሰች፣ ቆቧም ራሷ ላይ እንዳለ፣ ወጣች። ሽንት ቤት የሄደች መስሎኝ ነበር። በመስኮት ሳይ በሩን አልፋ ነጋዴዎቹ ዘንድ ቆማለች። ሮጥኩ። ስደርስ ከደመወዟ ከፍላ አንድ ነጭ በግ በገመድ ይዛለች፤ በጉ አልሄድም ብሎ እግሩን ተክሏል፣ እሷ ትጎትታለች።

«ታደለች! ምን ማድረግሽ ነው? የራስሽን መንጻት ራስሽ ትገዥ?»

«ሲስተር፣ ከኋላ ይግፉልኝ» አለችኝ።

ገፋሁት። እንዴት ብዬ እንቢ እላለሁ? እሷ ከፊት በገመድ፣ እኔ ከኋላ በሁለት እጄ፣ እያለቀስኩ፣ ግቢውን አቋርጠን በጉን ወሰድነው። ሰዉ ከየክፍሉ ወጥቶ ያያል። ካርድ ክፍል፣ መድኃኒት ቤት፣ ተሰልፎ የቆመው ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። ዳይሬክተሩ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር፣ ወዲያው ገባ። ባልየው ፊት ስትደርስ ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠችለት፤ በእጁ ብትሰጠው እንደማይቀበላት ታውቃለች። «ይኸው በጉ። አሁን ልንካት?» አለችው። አውራ ጣቱን ሰጠ።

እናቲቱ ዳነች፤ ልጁም ዳነ፣ ወንድ ነው፣ ሲወጣ በጩኸቱ ክፍሉን ሞላው። ከቀናት በኋላ ሊሄዱ ሲሉ ከአጥሩ ሥር በጉ ታረደ፣ ሚስቲቱን አነጿት፣ ሕፃኑን አነጹት፣ ባልየውም ነጻ። ከዚያ ታጥቦ፣ ልብሱ እየተንጠባጠበ፣ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ላይ ክፋት የለም፤ እምላለሁ፣ አንዲት ክፋት የለም።

«ሲስተር፣ ያችን ልጅ አመስግኝልኝ» አለኝ። «ሚስቴንም ልጄንም የሰጠችኝ እሷ ናት። ራሴ ሄጄ እግሯን እስም ነበር፤ ግን ይኸው ነጽቻለሁ። ሌላ በግ ከየት አመጣለሁ?»

ገባሁ። ታደለች የኦክስጅን ሲሊንደሩን ትከፍት ትዘጋ ነበር። «ሰውዬው ምን አለ?» አለችኝ።

«አመስግኝልኝ አለ።»

«ታዲያ ለምን አይገባም?»

እኔ፣ ምላሴ ለሰው የማያርፈው በላይነሽ፣ ጓንት ከካርቶኑ እያወጣሁ መቁጠር ጀመርኩ። ጥቂት አየችኝና «ገባኝ» አለች፤ ወደ ሲሊንደሩ ዞረች።

በወሩ መጨረሻ ለቀቀች። መናኸሪያ የሸኘኋት እኔ ብቻ ነኝ። በእሷ ቦታ ሰው እስኪመደብ ክረምቱ አለፈ፤ በሽተኛ ሁሉ ሶዶ ይላካል፣ የሚደርስ ይደርሳል፣ የማይደርስ አይደርስም። ሻይ ቤት ውስጥ ስሟን የሚያነሣ የለም፤ ኩባያቸውን ይዘው ይጠጣሉ። አንድ ጠዋት ግን ወደ ሥራ ስገባ ከበሩ ላይ አንድ የበግ ነጋዴ አስቆመኝ። «ሲስተር፣ ያች ልጅ ምነው ጠፋች? ታማ ነው?» አለኝ። የጠየቀልኝ ሰው በማግኘቴ ልቤ ሞቅ አለ፣ «ለቃ ሄደች» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና በጎቹን አየ። «አይ! ገበያው ለዚህ ነዋ የቀዘቀዘው» አለ። በዚያ ግቢ ስለ ታደለች የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።